እንጉርጉሮን ባሕር ያሻገረች የጎንደር ልጅ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የችቦ ዘፈን» የሚሉት አንድ ዓይነት ዘፈን አላቸው። ዘፋኟ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። መብራቱ ደብዘዝ ባለ አዳራሽ ውስጥ ከማይክሮፎን ፊት ብቻዋን ቆማ ትቶ ስለሄደ ወዳጅ፣ መልስ ስላላገኘ ፍቅር፣ አልጠፋ ስላለ የልብ እሳት ታንጎራጉራለች። በእነርሱ አነጋገር «ለእገሌ ችቦ ይዛለች» ማለት እርሱ ቢረሳትም እርሷ አልረሳችውም ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ ስሙ ትንሽ ይገርማል። በእኛ አገር ችቦ የሚለኮሰው በእንቁጣጣሽ ዋዜማና በደመራ ነው፤ ከጭፈራና ከሆታ ጋር እንጂ ከብቸኝነት ጋር ያያያዘው የለም። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ዘፈኑ ግን እንግዳችን አይደለም። እኛ እንጉርጉሮ እንለዋለን። የእንጉርጉሮም አውራ ትዝታ ነው።

ይህን የእኛን እንጉርጉሮ ከጥቁር አሜሪካውያን ጃዝና ሶል፣ እንዲሁም ፖፕ ከሚባለው የወጣቶች ሙዚቃ ጋር አዋሕዳ በሎንዶንና በኒውዮርክ የሙዚቃ መደብሮች ያስገባች ኢትዮጵያዊት አስቴር አወቀ ናት። የተወለደችው በ1950ዎቹ መጨረሻ በጎንደር ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «አንቱ» በማለት ፈንታ «እርሷ» ማለታችንን አንባቢ ይቅር ይበለን፤ ሕዝብ ለሚወዳት ዘፋኝ ማዕርግ መስጠት አልለመደም፤ በመጀመሪያ ስሟ ብቻ ይጠራታል፤ እርሱም ራሱን የቻለ ማዕርግ ነው።

ስለ አስቴር ለመናገር ከጎንደር መነሣት ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ ማግነን አይገባም። ቤተሰቧ ወደ አዲስ አበባ ስለ ሄደ ያደገችውና ዘፋኝ ለመሆን የቆረጠችው በዋናው ከተማ ነው። ስለዚህ «የጎንደር አየር አዘፈናት» ብሎ መጻፍ ለጋዜጠኛ ቀላል፣ ለእውነት ግን ከባድ ነው። ነገር ግን ሰው የተወለደበትን አገር ድምፅ ከእናት ከአባቱ፣ ከዘመድ አዝማዱ፣ ከሠርጉና ከለቅሶው ይሰማልና ጎንደር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት ማወቁ አይጎዳም።

ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ከቆረቆሯት ጀምሮ የቤተ መንግሥትም የቤተ ክህነትም ከተማ ናት። ጎብኚ ግንቡን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል፤ ጆሮ ያለው ግን በዓታ ማርያም ዘንድ ይቆማል። የአቋቋም ምስክር የሚሰጥባት እርሷ ናትና ከየአውራጃው የመጣው ደብተራ መቋሚያውንና ጸናጽሉን ይዞ ዓመታት የሚያሳልፍባት ደብር ናት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጋይንት ሲዘለቅ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። እንግዲህ በዚህ ደጋ ላይ ድምፅን አሳምሮ መጠቀም የሙያ ትምህርት ነው፤ ፈተና አለው፤ ፈታኝ አለው፤ የወደቀም ይመለሳል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት የቅዱስ ያሬድ የዜማ ስልቶች በዚህ ተጠብቀው ኖረዋል። ከሦስቱ አራራይ ልብን የሚያባባው ነው። በሰዓታት የሚያዜምን ጥሩ መሪጌታ ሌሊት የሰማ ሰው፣ አንድ ፊደል ስንት ቦታ ሊሰበርና ስንት ቦታ ሊርገበገብ እንደሚችል ያውቃል።

ሁለተኛው ድምፅ የአዝማሪው ነው። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ በየጠላ ቤቱና በየጠጅ ቤቱ፣ በየሠርጉም ይዞራል። መሰንቆ ያለው አንድ ጭራ ብቻ ነው፤ እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት የተከፋፈለ ቦታ የለውም። ስለዚህ ድምፁ ከደረጃ ወደ ደረጃ አይዘልም፤ ይንሸራተታል። አዝማሪውም በጉሮሮው መሰንቆውን ይከተላል፤ ወይም መሰንቆው እርሱን ይከተላል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚመራ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ይህ መንሸራተት በኋላ ስለምንናገረው ነገር ዋና ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበለው።

ሦስተኛው የሜዳና የገደል ድምፅ ነው። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ሰው የሚጣራ ገበሬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይወረውራል፤ መጨረሻውንም ይጎትታል። ሽለላውና ቀረርቶው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሳክስፎን ነፊው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከተዋጊ አፍ ወስዶ በሳክስፎን መንፋት ሲጀምር፣ የአውሮፓ ጃዝ አዋቂዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ሰምተውት ተደንቀዋል። እርሱ ግን አዲስ ነገር ፈጠርሁ ብሎ አልነበረም፤ የአገሩን ፉከራ በነሐስ ቱቦ ማስተላለፉ ነበር።

እንዲህ ያለ የድምፅ ሀብት ባለበት አገር ድምፀ መረዋ መሆን የሚያስከብር ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አዝማሪ የሚወደድ እንጂ የሚከበር ሰው አልነበረም። ንጉሥና መኳንንት ያሞግሱበታል፤ ሕዝብ የልቡን ይናገርበታል፤ ፋሺስት ኢጣልያ እንኳ ግጥሙን ፈርቶ በ1937 ዓ.ም. ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር እያሳደደ አስፈጅቷል። ያም ሆኖ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ባለርስት አይገኝም ነበር። አዝማሪዎቹም እርስ በርሳቸው እየተጋቡ፣ ሌላው የማይሰማው የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ እየተነጋገሩ ኖረዋል። ቤተ ክህነትም በበኩሏ ማኅሌትን ከዘፈን ለይታ ታስቀምጣለች፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሥጋ ሥራዎች ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ዘፋኝነት እንደሚገኝ ያላስተማረ የኔታ የለም።

ከወንዱ ይልቅ ደግሞ ሴቷ ትወቀሳለች። መሸታ ቤት የምትዘፍን ሴት ስሟ ከዘፈኗ አስቀድሞ ይነሣል። የአስቴር አባት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፍተኛ የሲቪል ሠራተኛ ነበሩ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማብራሪያ አያሻውም። በዚያ ዘመን የባለሥልጣን ልጅ ተምራ ጸሐፊ፣ አስተማሪ ወይም ነርስ ልትሆን፣ ያም ባይሆን በማዕርግ ልትዳር ይጠበቃል። «ልጄ የማታ ክበብ ውስጥ ትዘፍናለች» ብሎ በቢሮ ኮሪደር የሚናገር አባት በየትኛውም ሚኒስቴር አልነበረም ብል አልሳሳትም።

ነገር ግን የአስቴር የልጅነት ዘመን ይህ አጥር መነቃነቅ የጀመረበት ዘመን ነበር። ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ታጅባ ስትዘፍን ሕዝብ ወይዘሮ እንጂ አዝማሪ አላየባትም። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ በቴያትር መድረክ ላይ ቆመች። ጥላሁን ገሠሠ ደግሞ ከረቫቱን አስሮ ሲያለቅስ ከተማው አብሮት አለቀሰ። ከአገር ውጭም ድምፅ ይገባ ነበር። በአስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ራዲዮናቸውን ለራሳቸው ቢያሰሙም የከተማው ወጣት ያዳምጠው ነበር፤ ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ አስተማሪዎች በሻንጣቸው ሸክላ ይዘው ወደየአውራጃው ትምህርት ቤት ወረዱ። በ1969 ዐምሃ እሸቴ በስሙ የሸክላ ኩባንያ አቋቋመና ወጣቶቹ ዘፋኞች ድምፃቸውን ማተም ጀመሩ። ሙላቱ አስታጥቄ ከሎንዶንና ከቦስተን ትምህርቱን ጨርሶ በቫይብራፎን የኢትዮጵያን ቅኝት ይመታ ነበር። በ1973 ዝነኛው ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በዚያ ከተማ ያደገች ድምፀ መልካም ልጃገረድ ጃዝን ከመጽሐፍ ልትፈልገው አያስፈልጋትም ነበር፤ በመስኮቷ ይገባ ነበር።

አስቴር ዘፋኝ ለመሆን የወሰነችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ነው። ወደ መድረክ በወጣች ጊዜ ግን መልካሙ ዘመን አልፎ ነበር። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ። የሙዚቃ ሰው ካልሆነ በቀር ሰዓት እላፊ ለሙዚቃ ምን እንደሆነ የሚረዳው ጥቂት ነው። የማታ ክበብ የሚኖረው በሌሊት ነውና ሌሊቱ ሲወሰድበት ምን ይቀረዋል? ትልልቆቹ ሆቴሎች መላ አገኙ፤ ሰዓቱ ሲደርስ በራቸውን ዘግተው ሙዚቀኛውንም እንግዳውንም እስኪነጋ በውስጥ ያቆዩ ነበር። የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቃ በዚህ በተዘጋ በር ውስጥ የበሰለ ነው። ሙዚቀኛው ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ግዴታው ስለሆነ አንዱን ዜማ እያረዘመ፣ እያገላበጠ፣ እየፈታታ ይጫወተዋል፤ ዘፋኟም የማይነጋ በሚመስል ሌሊት ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን የደከመውን፣ የሰጋውን፣ የናፈቀውን ሰው ማንቃት አለባት።

አስቴር በኮንቲኔንታል፣ በሆቴል ዲ፣ በሸበሌና በአይቤክስ ባንዶች ውስጥ ዘፈነች። አይቤክስ በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበና በኋላ ሮሃ ተብሎ አገሩን ሁሉ ያጀበ ባንድ ነው። በዚህ ባንድ ውስጥ ጊታሩና ሳክስፎኑ የአሜሪካንን ሶል ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ዜማው ግን የአገር ቤት ነው። ዓሊ ታንጎ በሚል ስም ይበልጥ የሚታወቀው ነጋዴ ዓሊ አብደላ ካይፋ ይህችን ወጣት ሰምቶ ገንዘቡን አወጣላት፤ ሁለት ሸክላና አምስት ካሴትም አሳተመላት። ሸክላው በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገበያ ሲጠፋ ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ይገለበጣል፤ በአውቶቡስ ሹፌር ኪስ ውስጥ ሆኖ ደብረ ታቦር ያድራል፤ በማግሥቱ ጎንደር ይገባል፤ በሦስተኛው ቀን ደባርቅ ገበያ ላይ በባትሪ ድንጋይ ሲጮኽ ይሰማል። ተወልዳ የወጣችበትን አገር አስቴር ዳግመኛ ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደች። በመጀመሪያ ያረፈችው በካሊፎርኒያ ሲሆን፣ ቆይታ ወደ ዋሽንግተን ተዛወረች። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን በስደተኛ ኢትዮጵያውያን መሞላት የጀመረችበት ነበር። ሌተና ኮሎኔሉ መኪና ያቆማል፤ የሕግ ምሩቁ ታክሲ ይነዳል፤ የባላባት ልጅ ምግብ ታቀርባለች። አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር ተራ በተራ የተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች እራት ቤቶች ብቻ አልነበሩም፤ ወሬ መስሚያ፣ መርዶ መርጃ፣ ሥራ ማፈላለጊያ ጭምር ነበሩ። አስቴር በእነዚህ ቤቶች ዘፈነች። ትዝታ የሚባለው ዘፈን በዚህ ቦታ ትርጉሙ እንዴት እንደ ሰፋ ለማሰብ አያዳግትም። አዲስ አበባ ላይ ትዝታ ማለት የከዳ ወዳጅ ነበረ፤ ዋሽንግተን ላይ ግን የከዳው ወዳጅ፣ የሞተው ወንድም፣ የተዘጋው ቤት፣ መመለሻ ያጣው አገር ሁሉ በአንድ ዜማ ውስጥ ተሰበሰበ። «አንተ» የተባለው ሰው ማን እንደሆነ እያንዳንዱ ሰሚ በልቡ ያውቃል።

የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ በሸክላ ሳይሆን ከባለቤቶቹ አጠገብ ሆና የሰማችውም በዚህ ጊዜ ነው። የውጭ አገር ጋዜጦች በኋላ «የአፍሪካ አሬታ ፍራንክሊን» ብለው ሰይመዋታል። ይህ ቅጽል ሙገሳ ቢሆንም ጥቂት ስንፍና አለበት፤ ጸሐፊው የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ሲመዝን የሚያደርገው ነው። ሆኖም ከቅጽሉ ሥር አንድ እውነት ተቀብሮ ይገኛል። እርሱን መቆፈር ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጥ ያስደስተኛል።

አሬታ ፍራንክሊን (1942—2018) የቄስ ልጅ ናት። በዲትሮይት ከተማ አባቷ በሚያገለግሉበት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር እየዘመረች አደገች። ከእርሷ በፊት በ1950ዎቹ ሬይ ቻርልስ የመዝሙሩን ዜማና ጩኸት እንዳለ ወስዶ በ«ጌታዬ» ፈንታ «ወዳጄ» ቢልበት ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ገዛው። ሶል የሚባለው ሙዚቃ ልደቱ ይህ ነው፤ ከመቅደስ ወጥቶ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ መዝሙር ነው። አሬታ ግን በሁለቱ ቤቶች ለመመላለስ አልተከለከለችም፤ በ1967 በፍቅር ዘፈን ከገነነች በኋላ በ1972 ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሳ የመዝሙር ሸክላ ስትቀዳ አባቷ አብረዋት ነበሩ።

በእኛ ዘንድ በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ከፍ ያለ ነው። ማንም ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ከድጓው አንድ ሐረግ ቆርጦ «ወዳጄ» ቢልበት ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። ሆኖም ጉሮሮ ሕግ አያውቅም። በማኅሌት የሚርገበገበው ድምፅና በእንጉርጉሮ የሚርገበገበው ድምፅ እኅትማማቾች መሆናቸውን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ እናታቸው አንዲት ናት፤ በአደባባይ ግን ሰላምታ አይሰጣጡም። አስቴር አንዲቱን ፊደል ይዛ ወደ ላይ ስትወጣ፣ በጫፉ ላይ ስታንቀጠቅጠው፣ ከዚያም ድንገት ትንፋሽ ብቻ እስኪቀር ስታወርደው የምንሰማው ይህንኑ ነው። አሬታ ከመዝሙሩ ያመጣችውን፣ አስቴር መዝሙር ሳትነካ በአዝማሪው በኩል ዞራ አገኘችው። የሁለቱ መመሳሰል አንዷ ሌላይቱን ስለ ቀዳች ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ከሚያዜም ሕዝብ በመወለዳቸው ነው።

ስለ ቅኝቱም ጥቂት እንበል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። የአውሮፓው መሰላል ግን ሰባት ደረጃ አለው። አምስት መሆናቸው ድህነት የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለጃዝ አቀናባሪ ግን ትርፍ ነው። በትዝታ ቅኝት ውስጥ ሁለት ደረጃ ስለ ተዘለለ ዜማው ከሥሩ የሚነጠፈውን የፒያኖ ኅብረ ድምፅ በግድ አይወስንም፤ አቀናባሪው አንዱን ዜማ ሳይነካ ከሥሩ ያለውን ኅብረ ድምፅ ሊያሳዝነው፣ ሊያስደስተው ወይም ሊያጠራጥረው ይችላል። አንቺ ሆዬ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል፤ እርስ በርስ የሚፋጩ ድምፆች ስላሉበት ያልጠነቀቀ አቀናባሪ ያበላሸዋል። ሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» ያለው ሥራ በብዙው ይህን ሚዛን መጠበቅ ነው። ከአስቴር ጋር የሠሩት አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታን የመሰሉ ሙዚቀኞችም ጃዝን ተምረው ቅኝቱን ሳይረሱ የመጡ ናቸው። ከበሮውን ያዳመጠ ደግሞ ያ ስድስት ምት ያለው ችክችካ ከሁሉ በታች ሆኖ እንደሚሄድ ያስተውላል፤ ፈረንጅ በየትኛው ምት እንደሚያጨበጭብ ግራ የሚጋባውም በእርሱ ነው።

ትሪፕል ኧርዝ የተባለ አንድ ትንሽ የሎንዶን የሸክላ ኩባንያ በ1989 «አስቴር» የተባለውን አልበሟን አወጣ። በተከታዩ ዓመት ኮሎምቢያ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያ ተቀብሎ አከፋፈለው። በ1991 «ካቡ» ተከተለ፤ በአሜሪካ ቢልቦርድ መጽሔት የዓለም ሙዚቃ ሠንጠረዥ ላይም ተመዘገበ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ የሚነሣው ከረኃብ ጋር ብቻ ነበር፤ የ1984ቱ ረኃብ ፎቶግራፎች ገና ከሰው ዓይን አልጠፉም። እንደ እኔ አስተያየት የእነዚያ ሁለት አልበሞች ትልቁ ውለታ ይህ ነው። ከዚያች አገር የሚመጣው ድምፅ ልመና ብቻ ነው ብሎ ያመነው ሰው፣ ስለ ፍቅር የምትከራከር፣ የምትቆጣ፣ የምታሾፍ፣ የምትኮራ ሴት ሰማ።

ምን ሰማ ብለን ብንጠይቅ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የአማርኛ ዘፈን ግማሹ ቃሉ ነው። ሰምና ወርቁ፣ ኅብሩ፣ ለአንዱ የተባለው ለሌላው መድረሱ፣ ይህ ሁሉ ሎንዶን ሲደርስ በጉምሩክ ይቀራል። የፈረንጁ አድማጭ ድምፁን አገኘ፤ ቅኔውን አጣ። ድምፁ ብቻውን አዳራሽ መሙላቱ የአስቴር ድል ነው። ሆኖም ውጭ አገር የተጻፉት ሐተታዎች ስለ ጉሮሮዋ እንጂ ስለ ግጥሙ አለመናገራቸው፣ የአንድን ሰው ቤት ግንብ አድንቆ ሳይገቡ እንደ መመለስ ነው።

በአገር ቤትም በኩል ቅሬታ አልጠፋም። ተማሪዎች በሚሰበሰቡበት ሁሉ ይህ ክርክር የታወቀ ነው። አንዱ ወገን፣ «ሳክስፎንና ሲንተሳይዘር የገባበት ትዝታ ትዝታ አይደለም፤ መሰንቆውን አስወጥቶ ፈረንጅን ማስገባት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ክራርና መሰንቆ ብቻ ካልን ሙዚቃችን ሙዚየም ይገባል» ይላል። የመጀመሪያው ወገን አንድ የሚያስከፋ እውነት ይዟል፤ በተለይ ከ1980ዎቹ ወዲህ የነሐስ መሣሪያዎቹ ቦታቸውን ለኤሌክትሪክ ኪቦርድ ሲለቁ ብዙ የአማርኛ ዘፈን ቀጭንና ሰው ሠራሽ ድምፅ ይዞ ቀርቷል፤ ከአስቴር ሥራዎችም አንዳንዶቹ ከዚህ አላመለጡም። ነገር ግን የነሐሱ ኦርኬስትራ ራሱ የአገር ልጅ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ባንድ ጋር የመጣ እንግዳ ነው፤ ጥላሁንንም ብዙነሽንም ያጀበው እርሱ ነው። የትናንቱን እንግዳ ቤተ ዘመድ አድርጎ የዛሬውን እንግዳ በር ላይ ማቆም ለክርክር አይመችም። የሚጠየቀው መሣሪያው ከየት መጣ ሳይሆን ዜማውን ያዳምጣል ወይስ ይጮኽበታል የሚለው ይመስለኛል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1990ዎቹ አስቴር ወደ አገሯ ተመልሳ ለሕዝብ ዘፈነች። ከዚያም «ካቡ ሬከርድስ» በተባለው የራሷ ኩባንያ አልበሞቿን እያወጣች ቀጠለች፤ በ1999 «ሀገሬ»፣ በ2006 «ፍቅር»፣ በ2010 «ጨጨሆ»፣ በ2013 «እወድሃለሁ»፣ በ2019 «ጨዋ» ወጡ። ከእነዚህ ሁሉ የ2010ሩ ርዕስ ለጎንደር ሰው የተለየ ነገር ይነግረዋል። ጨጨሆ በላይ ጋይንት ያለ በር ነው፤ ከወሎ የሚመጣ መንገደኛ በዚያ ብርዳማ አፋፍ በኩል አልፎ ወደ ቤጌምድር ይገባል። በጥንቱ ዘመን ኬላ ነበር። አዲስ አበባ አድጋ፣ ዋሽንግተን ኖራ፣ ሎንዶን የታወቀች ዘፋኝ ከሰላሳ ዓመት በላይ ከዘፈነች በኋላ ለአልበሟ የመረጠችው ስም የአገሯ መግቢያ በር ስም መሆኑን ልብ ማለት ያስደስታል።

«ጨዋ» የሚለው ስምም ሳይታሰብ የወጣ አይመስልም። በዚህ አገር ጨዋ ማለት በአንድ በኩል ምግባሩ የታረመ፣ ዘሩ የተከበረ ሰው ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በቤተ ክህነት አነጋገር ያልተማረ፣ ዜማውንም ቅኔውንም የማያውቅ ሰው ነው። አዝማሪ በመጀመሪያው ትርጉም ጨዋ ተብሎ አያውቅም ነበር። የባለሥልጣን ልጅ ሆና አዝማሪ በሚናቅበት ዘመን ማይክሮፎን የጨበጠች ሴት በስተርጅናዋ ጫፍ ይህን ቃል በአልበሟ ላይ ስትጽፍ፣ ሰሙን ለወጣቶቹ ትታ ወርቁን ለአባቶቹ ላከች ብሎ መገመት ይቻላል። ግምቱ የእኔ ነው።

በእርሷ በተከፈተው በር ሌሎች ገብተዋል። ከጎጃም ቻግኒ የተነሣችው እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሕዝብ «ጂጂ» የሚላት፣ በ2001 ባወጣችው አልበም ላይ ሄርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆች አጅበዋታል። የጂጂ ድምፅ ከአስቴር ይለያል፤ ዝግ ያለ፣ ወደ በገናና ወደ ሰዓታት የሚያዘነብል ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ምክልት ሀደሮ ደግሞ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም እያቀያየረች፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከጃዝ ሙዚቀኞች ጋር ትሠራለች፤ የእርሷ ትዝታ የሰማችው እንጂ የኖረችው አገር ትዝታ አይደለም፤ ይህም ራሱን የቻለ ኀዘን አለው።

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ማዳመጥ ለሚሻ ሰው አንድ ትንሽ ምክር አለኝ። መጀመሪያ ከጎንደር አዝማሪ ቤቶች በአንዱ ይቀመጥና መሰንቆው ብቻውን ሲያንጎራጉር ያድምጥ፤ አዝማሪው አንድ ቤት ብሎ ሲያበቃ መሰንቆው ያንኑ ቃል ያለ ቃል እንዴት እንደሚደግመው ያስተውል። ከዚያ የአስቴርን የቆዩ ሥራዎች፣ በተለይ ሳክስፎን ያለባቸውን፣ ይክፈት። እርሷ ዐረፍተ ነገሯን ጨርሳ ትንፋሽ ስትስብ ሳክስፎኑ ይገባል፤ የመጨረሻውን ቃል ይይዛል፤ ትንሽ ያንሸራትተዋል፤ ይመልስላታል።